የወንድሜን ስም ስለመውሰዴ

ይድረስ ለእናቴ፣ ሐርቡ

እማ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የሰደድኩልሽ ቅባት ካሻለሽ አትቆጥቢው፤ እህቴ ፈርሃት ጠዋት ማታ ትቀባሽ። ማሽላው ተወቅቶ አለቀ ወይ? እኛ ጋ ያለወቅቱ ዘንቦ አቃቂ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ባጃጅ እንኳ ሰፈራችን አልገባም ይላል። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ብረት ቤቱም ሥራ አለው፤ በርና መስኮት እንበይዳለን።

ስልክሽን ስላላነሳሁ እንዳትቀየሚኝ። ሳልሰማው ቀርቼ አይደለም። ስትደውዪ ስልኩን እጄ ላይ ይዤ እስኪያቆም ድረስ አየው ነበር። ድምፅሽን ከሰማሁ ከመጨረሻው እንደምጀምር ስላወቅሁ ነው፤ ይህ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው ካልተነገረ አይሆንም። ስለዚህ ጽፌ ለሹፌሩ ለሙሀመድዘይን ሰጠሁት። መኪናውን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሲያልፍ ያደርስልሻል። ፈርሃት፣ የምታነቢላት አንቺ ነሽና አትቸኩዪ። ቀድመሽም መጨረሻውን አትዪ።

እማ፣ ባለፈው ፈርሃት የዘፈኔን ቪዲዮ ካሳየችሽ በኋላ ደውለሽ ለምን በወንድምህ ስም ትዘፍናለህ ብለሽ ተቆጣሽኝ። ሰው በሕይወት እያለ ስሙ አይወሰድም አልሽኝ። አሁን ልመልስልሽ።

እዚህ ብረት ቤት አብሮኝ የሚበይድ ኦልጅራ የሚባል ልጅ አለ። አቃቂ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ኪቦርድ ይጫወታል። እየሠራሁ ሳንጎራጉር ሰምቶኝ ሰርግ ላይ አብረን እንሥራ አለኝ። ወርቅነሽ የምትባል ዘፋኝና አንድ ከበሮ መቺ ነበሩት። የምንለማመደው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ኦልጅራ ቤት ነው። ባንዱ ስም አልነበረውም። ሰርግ የሚደግሱ ሰዎች ሲፈልጉን "እነዚያ የድሮ ጣቢያ ልጆች የት ናቸው?" እያሉ ሲያጠያይቁ፣ ስሙ ከሰው አፍ መጣ። ድሮ ጣቢያ ባንድ ተባልን።

ፖስተር ልናሠራ ስንል ኦልጅራ የእያንዳንዳችንን ስም ጠየቀ። እዚህ ከተማ ሙዚቀኛ እናቱ ባወጣችለት ስም አይጠራም ብልሽ ብዙ አልዋሸሁም። ወርቅነሽ ወርቂ ሆነች። ኦልጅራ ራሱ ኦሊ ነው። ከበሮ መቺውን ቶሎ ስለሚናደድ በርበሬ ይሉታል። እኔን አንተስ ሲለኝ፣ ሙከሚል ሐርቡ ብለህ ጻፍ አልኩት። ሳቀ። ስምህ አቡዘር አይደል ወይ፣ እሱ ምን አለው ብሎ ተከራከረኝ። ጻፍ ብቻ አልኩት።

ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ሙከሚል የእሱ የሆነ ነገር ሲነካበት ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ። ለዒድ የገዛሽለትን ሸሚዝ ለብሼበት ገበያ መካከል አስወልቆኝ፣ ሰው እየሳቀብኝ ወደ ቤት አልሮጥኩም? እና አሰብኩ። ወደ ሳዑዲ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ ባይሰማም፣ የትም ይሁን፣ ጂዛንም ይሁን የመን፣ እስር ቤትም ይሁን ፍየል እየጠበቀ፣ አጠገቡ ስልክ ያለው የአገሩ ልጅ አይጠፋም። አንድ ቀን ዘፈኑ ይከፈታል። ሙከሚል ሐርቡ ሲባል ይሰማል። ማነው ስሜን የወሰደው ይላል። ናፍቄው ባይደውል እንኳ ሊጣላኝ ይደውላል። ስድቡን ለመስማት ነበር እማ። ተስፋ ቆርጬበት አልነበረም። አለ ብዬ ነው የወሰድኩት።

ቪዲዮው ሥር የእኔን ስልክ ቁጥር አስጻፍኩ። ሰው ለሰርግ ሥራ መስሎታል። ከውጭ አገር ቁጥር ሲደወል ብየዳውን ጥዬ ወደ ደጅ እሮጣለሁ። አንዱ ከሪያድ ድምፅህ ጥሩ ነው ሊለኝ ይደውላል። ሌላው ያሾፍብኛል። አንድ ቀን ደግሞ አንዲት እናት ከባቲ ደወሉልኝ። የእሳቸውም ልጅ ሙከሚል ይባላል፤ የወጣውም በዚያው መንገድ ነው። ልጆች ከተማ ገብተው ሲዘፍኑ የአባታቸውን ስም ይቀይራሉ ሲባል ሰምተው ነው። እኔ እንዳልሆንኩ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። "እስቲ እናቴ በለኝ፤ ድምፅህን እለየዋለሁ" አሉኝ። እምቢ አልኩ። መልሰው መላልሰው ሲለምኑኝ ግን አልኳቸው። "አይደለህም ልጄ። አላህ እናትህን ያስደስትልህ" ብለው ዘጉት። ያን ቀን ብየዳውን ትቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከሳዑዲ ተመላሾች በአውሮፕላን መጡ በተባለ ቁጥር ቦሌ እሄድ ነበር። ስሙ በትልቁ የተጻፈበትን ፖስተር በሁለት እጄ ወደ ላይ ይዤ መውጫው ላይ እቆማለሁ። አንዱ ጥበቃ ማስታወቂያ እዚህ አይቻልም፣ ባንድህን ሌላ ቦታ አስተዋውቅ አለኝ። ምን ልበለው? እሺ ብዬ ትንሽ ፈቀቅ እልና ተመልሼ እቆማለሁ። ተመላሾቹ ጫማ እንኳ ሳይኖራቸው በአጠገቤ ያልፋሉ። አንዳንዱ ፖስተሩን ያየዋል። ዓይኑን ተከትዬ እሄዳለሁ፤ ታውቀዋለህ ወይ እላለሁ። ራሱን ይነቀንቃል።

ከዚያ ሳሪስ አቦ አካባቢ ዘፈን የሚያስቀርጽ ሰው ሰማንና አስጠራን። ሥራችንን ወደደው። የእኔን ስም ግን አልወደደውም። ረዝሟል፣ ሰው አይዘውም፣ ሙኬ ይባል አለ። ስልክ ቁጥሩም ከቪዲዮው ይውጣ አለ። ሙኬ ቢባል ወንድሜ በምን ያውቀዋል? እምቢ ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። ኦልጅራ እስከ ሐዲዱ ድረስ ተከተለኝ። እንዲያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም። "ለአንድ ስም ብለህ የሁላችንን እንጀራ ትዘጋለህ?" አለኝ። እዚያው ሐዲዱ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ከጠፋ ምን ያህል ጊዜ ሆነው ብሎ ጠየቀኝ። ስነግረው ዓይኔን ማየት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሳሪሱ ሰው አንስቶብኝ አያውቅም። በሚቀጥለው ፖስተር ላይ ግን ሙከሚል ሐርቡ የሚለውን ከባንዱ ስም በላይ አስጽፎት መጣ።

አሁን ወደ ቃሊቲው ሰርግ ልምጣ። በቀን ነበር፤ ሙሽሮቹ ገብተው ሰው እየበላ ነው። ድንኳኑ ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ቆሞ ያየኛል። አይበላም፣ አያጨበጭብም። ስጨርስ ወደ ኦልጅራ ሄዶ ሙከሚልን ነው የምፈልገው አለው። እኔ ነኝ አልኩት።

"አይደለህም" አለኝ። "ሙከሚልን አውቀዋለሁ።"

እማ፣ ደስታዬን ብታይ! ሰው ፊት አቅፌ ሳምኩት። የት ነው ያለው፣ ደህና ነው ወይ፣ ከስቷል ወይ እያልኩ አጣደፍኩት። እሱ ግን እጄን ይዞ ከድንኳኑ አወጣኝና እንቀመጥ አለኝ።

ስሙ ፊሮምሳ ነው። ከየመን ከተመለሰ ብዙም አልሆነው፤ ቂሊንጦ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል። ታክሲ ውስጥ ዘፈኑ ተከፍቶ ሙከሚል ሐርቡ ሲባል ሲሰማ ደንግጦ መንገድ ላይ ወረደ። ሰው ተሳስቶ ይሆን፣ ወይስ እኔ ነኝ ያየሁትን የተሳሳትኩት እያለ አቃቂን ሲያጠያይቅ ሰንብቷል። ሲያየኝ ግን ሙከሚል እንዳልሆንኩ ወዲያው አውቋል።

ወንድሜን ያወቀው ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክ፣ ባሕሩ ዳር፣ ጀልባ ሲጠብቁ ነው። ብዙ አወራኝ። ሙከሚል እዚያ ማታ ሁሉም ሊተኛ ሲል መንዙማ ይልላቸው ነበር አለ። አሸዋው እግሯን ላቃጠላት አንዲት ልጅ ጫማውን አውልቆ ሰጥቷታል። ስለ አንቺ ማውራት አይሰለቸውም ነበር። ስለ እኔም ነግሮታል። "ዕቃዬን ሁሉ የሚወስድብኝ ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ከእንግዲህ የምገዛውን ሁሉ ሁለት ሁለት ነው የምገዛው" ብሎት ነበር። ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ እማ። ወላሂ ሳቅሁ።

የተሳፈሩት በአንድ ጀልባ ነው። ፊሮምሳ ያደገው ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው፤ አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ዋና ያውቃል። እኛ ግን እማ፣ የት እንለምደዋለን? ቦርከና እንኳ ከጉልበታችን አልፎ አያውቅም።

የቀረውን ራሱ ይነግርሻል። ጁምዓ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ኦልጅራና ወርቅነሽም አንቀርም ብለዋል፤ እዚህ ሆነው መጠበቅ አልሆንላቸው አለ። ሐሙስ ማታ አክስቴ ሰዓደት መጥታ አብራሽ ትደር። ፈርሃት፣ ሸኹን ሄደሽ ንገሪያቸው፤ በማለዳ ቤት ይገኙልን። ጎረቤቶቹም ይወቁ። እማ፣ ለምን ብለሽ አትጠይቂያት። እሷም የምታውቀው ይህንኑ ወረቀት ነው።

ከዚያ ሰርግ ወዲህ አልዘፈንኩም። ፖስተሮቹን ከአቃቂ ግድግዳ ላይ ዞሬ በእጄ ላጥኳቸው። አንዳንዱ በዝናቡ ተጣብቆ አልላቀቅ ብሎኝ በጥፍሬ ፋቅሁት። ኦልጅራ አብሮኝ ሲፍቅ ዋለ። ከቪዲዮው ሥር ያለውንም ቁጥር አስጠፋሁት። የባቲዋን እናት ቁጥር ግን አላጠፋሁም። መደወል እፈልግና ምን እንደምላቸው አጣለሁ።

ስሙን መልሼለታለሁ እማ። ከዛሬ ጀምሮ እኔን የሚጠራኝ ሰው አቡዘር ብሎ ይጥራኝ። ዱዓሽ ላይ ስታነሺው ሙሉ ስሙን፣ ከነአባቱ ጥሪው።

አብሽሪ እናቴ። አላህ ለሁላችንም ሰብሩን ይስጠን። ልብሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ፈርሃትንም ይጠብቅልሽ። እስክመጣ ደጅ ደጁን እያየሽ ብርድ ላይ አትቀመጪ።

ያለሁልሽ ወንድ ልጅሽ
ከአቃቂ