ያላጉረመረመ ካምቢዮ

ይድረስ ለቀድሞው የቤቴ ሰው፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? ሳንቃ ተሸክመህ ስትገባ በሩን ተደግፈህ «አንዴ ልቁም» ያሰኝህ የነበረው ወገብ፣ አሁን ደግሞ ሦስት ልጅ ሲፈናጠጥበት ምን ይል ይሆን እያልኩ ለብቻዬ እስቃለሁ። ባለቤትህ ደህና ናት? የትንሹ ልጅህ የፊት ጥርሶች ወለቁ ብለህ ጽፈህልኛል፤ በቀሉለት?

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፣ አምሮብኛል፤ ካላመንክ መስታወቱን ጠይቀው። ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ ወገቤ ቢሰፋም ሳቄም አብሮ ሰፍቷል። የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ማዞሪያ ላይ እስከ ዛሬ እኔው ነኝ። ማሽኑ ሦስቴ ተቀየረ፣ አለቃው ሰባቴ ተቀየረ፣ እኔ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ምስማር እዚያው ነኝ።

ደብዳቤህን ያመጣልኝ ያው የድሮው የመኪና ደላላችን አፈ ማር ነው። ፀጉሩ ጥጥ መስሏል፣ ምላሱ ግን አልሸበተችም። «የቅዳሜዎቹ እመቤት አለች?» ሲል ፊቱን ሳላይ በድምፁ አወቅኩት። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍህን ሳይማ «አንዴ ይጠብቁኝ» ያልኩትን ደዋይ ተስፋ ቆርጦ እስኪዘጋው ድረስ ረሳሁት። አሥራ አራት ዓመት እኮ ነው! ያን ቀን ልጅ ሆኜ ዋልኩልህ። ደብዳቤውን ከመሳቢያ አወጣለሁ፣ አነባለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ደግሞ አወጣለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጸሐፊ «ዕጣ ወጣልሽ እንዴ?» አለችኝ። «ከዕጣም ዕጣ» አልኳት።

ብርማ የቤት መኪና ማየታችሁን፣ ባለቤትህ እንደወደደቻት፣ ልጆቹም በመስኮት በኩል ማን ይቀመጣል እያሉ ከአሁኑ እንደሚደባደቡ ጻፍክልኝ። ከዚያ ምን አልክ? አንቺ ሳታዳምጫት ቀብድ አልሰጥም፣ እንዳንቺ ያለ ጆሮ በዕድሜዬ አልገጠመኝም፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብቅ በይና ካምቢዮዋን ስሚልኝ አልክ።

ደስ ያለኝም በዚያ ቃል ነው፤ አንጀቴን የቆረጠውም ያው ቃል ነው።

ቅዳሜ አልመጣም። ብዕር ያነሳሁትም ለምን እንደማልመጣ ልነግርህ ነው። አንተ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ አንድ ነገር ለመናገር ሦስት ሰፈር ዞሬ ነው የምደርሰው። እባክህ ታገሠኝ።

ያን ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ያለውን ሰፊ ግቢ ታስታውሰዋለህ? መኪኖቹ በረድፍ ቆመው፣ መስታወታቸው ላይ የተሠሩበት ዘመን በነጭ ተጽፎ። አንተ ንጹሕ ሸሚዝህን ትለብሳለህ፣ እርሳሷ ግን ከጆሮህ ጀርባ አትወርድም። ሌላው ገዢ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ሲያይ አንተ መጀመሪያ የምትከፍተው የኋላውን በር ነው። ሜትርህን ከኪስህ አውጥተህ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር ትለካና «ሦስት ትከሻ ይይዛል» ትላለህ። አፈ ማር «የማን ትከሻ?» ሲልህ «መንገድ ላይ ናቸው፣ ይመጣሉ። ወንበሩ ቀድሞ ይገኝ እንጂ ባለቤቶቹ ይመጣሉ» ትለው ነበር። እኔም ከጎንህ ቆሜ እሽኮረመም ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ከልቤ ነው የፈለግኩልህ። መኪናውንም፣ ትከሻዎቹንም።

ከዚያ ወይን ጠጇ መኪና መጣች። አፈ ማር «ይቺ የአስተማሪ ናት፣ ከቤትና ከትምህርት ቤት ሌላ መንገድ አታውቅም፣ ጨዋ ናት» እያለ በጨርቅ ሲወለውላት ትዝ ይለኛል። አንተ የኋላውን ለካህ፣ ሳቅክ፣ ከፊት መጥተህ ከጎኔ ተቀመጥክ፣ ቁልፉን አዞርክ። ሞተሯ መነሣቱ እንኳ የሚታወቀው መሪው ላይ ያለው እጅህ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ነው። ወደ እኔ ዞር ብለህ «እህ፣ ምን ትያለሽ? እንውሰዳት?» አልከኝ። ፊትህ እንደዚያ የበራበት ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

«ቆይ» አልኩህ። «ካምቢዮው ያጉረመርማል።»

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ካምቢዮ ማለት የማርሹ ሳጥን መሆኑን ራሱ ከሳምንት በፊት ካንተው አፍ ነው የተማርኩት። አፈ ማር «እናቴ፣ ያጉረመረምኩት እኔ ነኝ፣ ቁርስ አልበላሁም» ብሎ ማለ ተገዘተ። አንተ ግን ወዲያው ሞተሩን አጠፋህና «እሷ ቀኑን ሙሉ በሽቦ ውስጥ ሰው ስትሰማ የምትውል ናት፤ እኛ የማንሰማውን ትሰማለች» አልከው። እንዴት ባለ ኩራት! ቁልፉን መልሰህ ወጣህ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቀዋለህ። አራት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ የአንዷ መሪ ያቃስታል፣ የአንዷ ፍሪሲዮን ይሸታል፣ ምንም እንከን ያጣሁባትን «ልቤ አልወደዳትም» እያልኩ አስመለስኩህ። ስሜ ወጣ። የሙያ ጓደኞችህ ሁሉ መኪና ሊገዙ ሲሉ «እስቲ ያቺን ባለ ጆሮ ሚስትህን አውሰን» ይሉህ ጀመር። አንድ ጊዜ አንተ ከበስተኋላ ዕቃ መጫኛውን ስትለካ እኔ ለአፈ ማር «የዚችኛዋ ጎማ ይጮኻል» አልኩት። መኪናዋ ቆማለች! ሞተሯ እንኳ አልተነሣም። ሊስቅ አፉን ከፈተና፣ ዓይኔን አየና፣ መልሶ ዘጋው። ደላላ ዝም ሲል ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እሱ ያኔውኑ ሳይገባው አልቀረም። ያልገባህ አንተ ነህ፤ ምክንያቱም ታምነኝ ነበር።

አሁን ደረስኩ። ወይን ጠጇን ያየናት ቅዳሜ ነው አይደል? ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሆስፒታል ብቻዬን ሄጄ ነበር። ከሥራ ስትመለስ «ምን አሉሽ?» ስትለኝ «ዕረፍት አድርጊ አሉኝ» አልኩህ። ዶክተሯ ስለ ዕረፍት አንድም ቃል አልተናገረችም። ወንበሯን ወደ እኔ ስባ፣ እጄን ይዛ፣ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። ሁለተኛ እንድትደግምልኝ ለመንኳትና ደገመችልኝ። የሰጠችኝን ወረቀት ለአራት አጥፌ ቦርሳዬ ገበር ውስጥ ወሸቅኩት። ቅዳሜ ያ ቦርሳ ጉልበቴ ላይ ነበር። አንተ ከኋላዬ ሜትርህን ዘርግተህ «ሦስት ትከሻ» ስትል፣ እኔ ሁለት እጄን ቦርሳው ላይ ጭኜ ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም ትላለህ። ልነግርህ ነበር፣ እሑድ። ከዚያ የሚቀጥለው እሑድ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሞኝ ነገር ነው፤ መኪናው እስካልተገኘ ድረስ ከኋላ ማን ይቀመጣል የሚል ጥያቄ አይመጣም አልኩ። መፈለጉ ካላለቀ አንተም አታዝንም፣ እኔም አላጣህም። እንዲህ እያልኩ አራት ዓመት አንከራተትኩህ።

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ስማ። ሲጋራህን ስታቆም አየሁህ። በየማለዳው ስትሮጥ አየሁህ፣ ያን ያረጀ ሸራ ጫማህን አጥልቀህ፣ ላብህ እየተንጠባጠበ። ጎረቤቱ ሁሉ «አናጢው ሌባ እያባረረ ነው ወይስ ራሱ ሰርቆ እየሸሸ?» እያለ ሲስቅብህ እኔም በመስኮት ሆኜ አብሬ ሳቅኩ። ለምን እንደምትሮጥ አውቅ ነበር። ልጅ ያልመጣው በራስህ ምክንያት እንደመሰለህ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ሳቅኩ።

የመጨረሻዋን ቅዳሜ አልረሳትም፣ አንተም አትረሳትም። ከግቢው ወጥተን በእግር ስንመለስ መንገድ መሀል ቆምክና እንዲህ አልከኝ፤ «ጆሮሽ አይሳሳትም። እስቲ እኔ ውስጥስ ምን ሰማሽ? ንገሪኝ። የሚሠራ ከሆነ ይሠራል፣ የማይሠራም ከሆነ ልወቀው።» እኔ፣ ከወፍ እኩል የምለፈልፈው እኔ፣ ያን ጊዜ አፌ ተለጎመ። አንተ ዝምታዬን መልስ አድርገህ ያዝከው። በሳምንቱ የመሣሪያ ሳጥንህን ተሸክመህ ወጣህ፤ በሩንም አልደረገምከውም። ብትደረግመው ይሻለኝ ነበር።

ይኸው ነው። ጆሮ የሚባል ነገር የለኝም። ግራ ጆሮዬማ ከማዳመጫው ብዛት ደክሞ ዘንድሮ ሐኪሙ ራሱ «በቀኙ ተጠቀሚ» ብሎኛል።

ግን ደግሞ ባዶ እጄን አልቀረሁልህም። ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ፣ የመሥሪያ ቤታችንን መካኒክ በልመና አስከትዬ ወደ ግቢው ሄድኩ። አፈ ማር ሲያየኝ «መጣች! መኪኖች ሆይ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ!» ብሎ ጮኸ። ቁልፉን ሲሰጠኝ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ዋዛ፣ ያቺ ወይን ጠጅ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ እንዳለች፣ አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ እንደምትነዳት፣ ካምቢዮዋም በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተከፍቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። አውቃለሁ አልኩት። በእርግጥም አውቅ ነበር። በቢሯችን መስኮት ሥር ታልፋለች፤ ባለፈች ቁጥር ማዳመጫዬን አወልቃለሁ። ምንም አይሰማም።

መካኒኩ ብርማዋን ከላይ አየ፣ ከሥር ተኝቶ አየ፣ ነዳ፣ አቆመ፣ ደግሞ ነዳ። የሰው ነገር አያደንቅም፣ ምላሱ መጋዝ ነው። ሲጨርስ እጁን እየጠረገ የፊት ግራው የፍሬን ሸራ ስላለቀ ይቀየር፣ የኋላ ቀኙ ጎማ ከዚህ ክረምት አያልፍም፣ ሌላው ጤነኛ ነው አለኝ። «ካምቢዮውስ?» አልኩት። «ካምቢዮው ካንቺ ይሻላል፣ ቢያንስ አይለፈልፍም» አለኝ።

እሱና አፈ ማር ዋጋው ላይ ሲነታረኩ እኔ የኋላውን በር ከፍቼ ገባሁ። ታምናለህ? በእነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ከኋላ ሲያዩት ዓለም ሌላ ነው፤ የሹፌሩ ማጅራትና የመስታወቷ ቁራጭ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ያንተን ሜትር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሳጥንህን ስትወስድ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ረስተኸው ሄደህ ነበር፤ እኔም አልላክኩልህም። ሞላው ደክሟል፣ ሲጠቀለል ያቅማማል፣ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ከዳር እስከ ዳር ለካሁልህ። ሦስት ትከሻ ይይዛል። የትልቋ ልጅህ ቁመት ካንተ ከሆነ ጉልበቷ ትንሽ ይጠባታል እንጂ ይመቻቸዋል።

ስለዚህ ግዛት። ቅዳሜ እኔን ሳትጠብቅ ባለቤትህንና ልጆችህን ይዘህ ሂድና ቀብድህን ስጥ። ባለቤትህ «ባለ ጆሮዋ ምን አለች?» ብላ ከጠየቀችህ፣ አዳምጣ ምንም አላገኘችም በላት። እውነት ነው። የቀረውን ብትነግራት አልቀየምህም፣ ባትነግራትም አመሰግንሃለሁ።

ለዚያች መንገድ ላይ ለጠየቅከኝ ጥያቄ ደግሞ አሥራ አራት ዓመት ዘግይቼ ልመልስልህ። አንተ ውስጥ ምንም አልሰማሁም። አንድም ቀን፣ ምንም። ሞተርህ እንደ ሰዓት ነበር።

ይቅር በለኝ ብዬ አላስቸግርህም፤ ብትችል ግን ደስ ይለኛል። እኔ እንደሆንኩ ደስ መሰኘት ይቀናኛል፣ ታውቀኛለህ። መልስ አትጻፍልኝ። አንድ ቀን ብርማዋ በመስኮቴ ሥር ስታልፍ ብቻ አንዴ ጥሩምባዋን ንፋልኝ፤ በቀኝ ጆሮዬ እሰማለሁ።

ፈጣሪ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ከክፉ ኩርባና ከችኩል ሹፌር ይሰውራችሁ። ልጆችህ በዚያ ወንበር ላይ እየተገፋፉ ይደጉልህ፣ ትከሻቸው ሰፍቶ «ጠበበን» እስኪሉህ ድረስ ዕድሜ ይስጥህ። ባለቤትህን አክብሬ ሰላም ብያታለሁ።

ሜትርህን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአፈ ማር እጅ ልኬልሃለሁ። የያኔው ቦርሳ አርጅቶ ከተጣለ ቆየ። ሜትሩን የጠቀለልኩበትን ወረቀት ግን ቆሻሻ መስሎህ እንዳትጥለው፤ ለአራት የታጠፈ ነው፣ ቀኑም ከላይ ተጽፎበታል። ስትከፍተው ቀስ በል፣ እጥፋቱ ላይ ሳስቷል።

ያኔ ከፊት፣ ከጎንህ ትቀመጥ የነበረችው
የቅዳሜ ጓደኛህ