ማሽኑ ሃያ ሰባት ሲል

ሚያዝያ 5 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

የፋሲካው ዶሮ ገና ሆዴ ውስጥ ነው። ዘር በምናድልበት ቢሮ በር ላይ ደግሞ ሰልፍ... የዘር እህል ፈላጊ ሁሉ የመዝገብ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ ኮምፒውተሩ ላይ እመታዋለሁ። ስም ከወጣ ዘር አለው። ቁጥር ብቻ ከወጣ የለውም። ማሽኑን ከአዲስ አበባ ያመጣው ገብረአብ በግማሽ ቀን ያስተማረኝ ይሄንኑ ነው። የወጣውን ቁጥር ወረቀታቸው ላይ ጽፌ እሸኛለሁ። ሲቆጡኝ "እኔ ምን ላድርግ፣ ማሽኑ ነው" እላለሁ። ከማሽን ጋር ማን ይከራከራል?

ሚያዝያ 10

ሰሊሃ የምትባል ሴት ከአልዩ አምባ መጣች። ባሏ የሞተባት፣ የአራት ልጆች እናት። መጋቢት ላይ መልሻት ኖሯል። እኔ ረስቻታለሁ፣ እሷ አልረሳችኝም። ውሃ ብሰጣት "ጾመኛ ነኝ" አለች። ለካ ሮመዳን ገብቷል። ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። በገዛ እጄ ጽሑፍ፦ 27።

"ልጄ፣ ሃያ ሰባት ምን ማለት ነው?"

"ዘር የለዎትም ማለት ነው።"

"እሱንማ ነገርሽኝ። ጎረቤቴን ደግሞ አሥራ ሦስት ብለሽ መለስሽው። የሱም የለም፣ የኔም የለም። ታዲያ ለምን ቁጥሩ ተለያየ?"

እውነትም ለምን ተለያየ? እስከ ዛሬ እንዴት አልጠየቅኩም? "መኪናው ያመልጠኛል" ብላ ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች።

ሚያዝያ 11

ለአለቃዬ ለጓድ ወልደአረጋይ ነገርኩት። "የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ አለ አይደል? ቁጥሮቹን ወደ አማርኛ መልሺና ግድግዳው ላይ ለጥፊ" አለ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። መዝገበ ቃላት ተዋስኩ። ቃሉ ለየብቻው ይገባኛል፣ አንድ ላይ ሲሆን ግን... "የተጠየቀው መዝገብ አልተገኘም።" እንዲህ ብሎ የሚያወራ ሰው አለ? 13ን "በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ሰው የለም" አልኩት።

19፦ "ማተሚያው ወረቀት ጨርሷል።"

ሁለቴ አነበብኩት። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ 19 ጽፌላቸው መልሻቸው የለም እንዴ? ወረቀት ስላለቀ ዘር ከለከልኳቸው?

ሚያዝያ 12

27፦ "ዲስኩን ማንበብ አልተቻለም። ትንሽ ቆይተው እንደገና ይሞክሩ።"

የሰሊሃን ቁጥር መታሁ። 27። ቆየሁ። አሁንም 27። በሦስተኛው... ስሟ ወጣ። ሰሊሃ አሊ፣ አልዩ አምባ፣ ማሽላ። ማሽኑ ቆዩ ነው ያለው። የለም ያልኩት እኔ ነኝ።

ጓድ ወልደአረጋይ ዘንድ ሮጥኩ። "የቆላው ዘር ተከፋፍሎ አልቋል፣ ሪፖርቱም ሄዷል። 27ን ከወረቀቱ አውጪው" አለኝ።

"ሰዎቹስ?"

"የትኞቹ ሰዎች?"

ሚያዝያ 16

ትናንት በጭነት መኪና ጎረቤላ ገባሁ፣ ዛሬ በእግሬ አልዩ አምባ ወረድኩ።

ዝናቡ ቀድሞኛል። የሰሊሃ መሬት ተዘርቷል። ዘሩን ያመጣው የባሏ ወንድም ነው፣ ስለዚህ ከምርቱ እኩሌታው የሱ ነው። አራት ልጅ በቀረው እኩሌታ...

ሁሉንም ነገርኳት። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር።

"ቆይ ነበር የሚለው?" አለች።

"አዎ።"

"ታዲያ ያን ቀን ምናለ ብትነግሪኝ? ወላሂ፣ እስኪመሽ ቆሜ እጠብቅ ነበር።"

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ሚያዝያ 19

ወረቀቱን 27ን ጨምሬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ጓድ ወልደአረጋይ ቀደደው። እንግዲያውስ በአፌ እናገራለሁ፦ "ስምዎ ጠፋ ማለት አይደለም። ማሽኑ ማንበብ አቅቶት ነው፣ ይቀመጡ።" ከደነባ የመጡ አንድ ቄስ በአራተኛው ሙከራ ስማቸው ወጣ። መረቁኝ። ምርቃቱ አልዋጥልህ አለኝ።

ስንቱን መልሻለሁ? አላውቅም። ቁጥሩን የጻፍኩት በነሱ ወረቀት ላይ ነው፣ ይዘውት ሄደዋል።

ከሰዓት በኋላ አግዳሚው ሞልቶ መሬት ላይ የተቀመጡም ነበሩ። ጓድ ወልደአረጋይ ከቢሮው ወጣ።

"ይሄ ሁሉ ሰው ማንን ይጠብቃል?"

"እኔን" አልኩት።