ከስክሪኑ በታች የቀረው መስመር

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ትከሻሽ ተሻለሽ ወይስ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቆመሽ ስትውዪ አሁንም ያምሻል? እማዬስ እንዴት ናት? መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ «መነጽሬን ማን ወሰደው» ማለቷን ትታለች? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ያቺ የለመድናት ዓረፍተ ነገር ከእጄ አልወጣ አለች።

ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ መቀመጥ፣ ቆሜ መቆም አልቻልኩም። ይህን ደብዳቤ ስጀምረው ሦስተኛዬ ነው። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጠብኩ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የጎረቤት በር ሲንኳኳ የኔ መስሎኝ ተነሳሁ። ነገር ሆድ ውስጥ ሲከርም እግር ያበዛል መሰለኝ።

ያቺን አንቺ «የምሳ ዕቃ» እያልሽ የምትስቂባትን ትንሽ ላፕቶፔን አትረሻትም። ኖታ የምጽፍበት ፕሮግራም ለእሷ አልተሠራም። ኖታውን ላጎላው ስል ገጹ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ሁሉም ይታየኝ ብዬ ሳሳንሰው ደግሞ የተበተነ ሰሊጥ ይመስላል። የዘጠኙ መሣሪያዎች መስመር ይታየኛል፤ አሥረኛው፣ ከሁሉም በታች የሚጻፈው ያንቺ ቼሎ፣ ከጠርዙ በታች ይቀራል። አንድ ነገር ሳዘው ብቅ የሚለው ሳጥንማ ይብሳል። «እሺ» እና «ተወው» የሚሉት ቁልፎች ከታች ተቀብረው ስለማይታዩ ኢንተርን በእምነት መምታት ነው። የፕሮግራሙ ሰዎች ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው ይላሉ፤ ላፕቶፑን የሸጠልኝ ሰውዬ የፕሮግራሙ ነው ይላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ማክሰኞ ዕለት ታክቶኝ ቴክኒሻን ጠራሁ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። የማሳያውን ማጉያ ከመቶ ሃምሳ ወደ መቶ ፐርሰንት አወረደው፣ ይዞት የመጣውን ትልቅ ስክሪን ሰካበትና በይ ከሥራሽ አንዱን ክፈቺና እንየው አለኝ። ስንት ፋይል እያለ እጄ ሄዶ የከፈተው የአምናውን ነው።

የመጀመሪያ ድርሰቴን። የሙዚቃ ቡድናችን መሪ በኮንሰርቱ ዋዜማ መጨረሻው ባዶ ነው፣ አሥራ ስድስት ሜዠር ሙዚቃ ለእህትሽ ቼሎ ጨምሪበት፣ የእሷ እጅ ካልነካው ይሄ ሥራ ሥራ አይሆንም ያሉኝን። አንቺ ወረቀቱን ብቻ ፊቴ አድርጊልኝ፣ እያየሁ እጫወተዋለሁ አልሽኝ። ጻፍኩት፤ ለመሪውም ሙሉውን አተምኩላቸው። ከዚያ የፍሉቱን እረፍት፣ ዝም የሚልባቸውን ሜዠሮች፣ ወደ ሌላ ቦታ ልገለብጥ ስል ያ ሳጥን ብቅ አለ። ግማሹ አይታይም፤ ኢንተርን መታሁ። እረፍቱ ሄዶ ያንቺን አሥራ ስድስት ሜዠር ደመሰሰው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የየራሱን ገጽ ያተምኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የቀረውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። መድረኩ ላይ መሪያችን እጃቸውን ወዳንቺ ዘረጉ፤ ሌሎቹ ከሥር ያጅባሉ፤ የሚያጅቡት ግን የለም። አንቺ ደጋንሽን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ባዶውን ገጽ ታያለሽ። ሲያልቅ ወረቀቱን አየሽ፣ እኔን አየሽ፣ አጠፍሽው። ለመሪያችን ቆጠራ ጠፍቶኝ ነው አልሻቸው። የእህቴ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው፣ ስሟ በክፉ አይነሳ ብለሽ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ የጆሮ ማዳመጫዬ ተበላሽቶ ሳልሰማው አተምኩት አልኩሽ፤ አይዞሽ ብለሽ አቀፍሽኝ። ከዚያ በኋላ በቡድኑ ውስጥ ስምሽ «ቆጠራ የጠፋት» ሆነ። ወር ሳይሞላ ቼሎሽን ሳጥኑ ውስጥ ከተሽ እማዬ ጋ ሄድሽ።

ቴክኒሻኑ በትልቁ ስክሪን ላይ ያንን ባዶ መስመር በጣቱ እየነካ ይሄ ምንድን ነው አለኝ። በትንሿ ላይ አይታይም ነበር አልኩት። ሳቀ። ባይታይስ፣ ይሰማል እኮ የኔ እህት፤ ፕሮግራሙ ሲያጫውትልሽ ከጠርዙ በታች ያለውንም አብሮ ያጫውተዋል፣ ከጎደለም መጉደሉ ይሰማል አለኝ። ሻይ ልጨምርልህ አልኩት። ብርጭቆው ሙሉ ነበር።

ሐሙስ ዕለት መሪያችን ጋ ሄድኩ። እህቴ ቆጠራ አልጠፋትም፣ ወረቀቷ ባዶ ነበር፣ የላፕቶፔ ስክሪን ትንሽ ስለሆነ መስመሩ አልታየኝም አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ያቺን ልጅ ዓመት ሙሉ በድያታለሁ አሉ። በሚቀጥለው ወር ድርሰቱን እንደገና እንጫወተዋለን፣ መጨረሻው የእሷ ነው፣ እንድትመጣልኝ ጻፊላት አሉኝ። እኔንም የማሽን ጥፋት ነው፣ ራስሽን አታስጨንቂ ብለው አጽናኑኝ። ከወንበር ወንበር የሚያዘዋውረኝ ይሄ ማጽናኛቸው ነው።

የእሷ እጅ ካልነካው ያሉት ቃል ያኔ አንጀቴን አቁስሎት ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ እስቲ ትንሿ ትጫወትልን ይላል፤ ወንበር የማቀርብልሽ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እንኳ ያንቺ እጅ ሳይነሳ የኔ ሥራ እንዲወራ ፈልጌ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም በቅጡ አልነገርኩም።

አሥራ ስድስቱን ሜዠር ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በእጄ ነው የጻፍኩት፣ በእርሳስ፣ ጎላ አድርጌ። ምጪልኝ ለማለት አፍ የለኝም። ብትቀሪ ቅር አይለኝም ብልሽ ደግሞ እዋሻለሁ። አንቺ ደብዳቤ ስታነቢ ምርቃቱ ላይ ስትደርሺ ማጠፍ ልማድሽ ነውና፣ የዛሬውን እባክሽ እስከ ፊርማው ዝለቂው።

እግዜር ትከሻሽን ያበርታልኝ። እማዬን በጤና ያቆይልን። እጅሽ ከሙያው፣ ቤትሽ ከደግ ወሬ አይለይ።

ያ ተበላሸ ያልኩሽ የጆሮ ማዳመጫ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጠጋኝ ነክቶት አያውቅም።

ታላቅ እህትሽ