ለመስቀል ማን ይጨልምበት

ነሐሴ 22፣ ወልቂጤ

ራኩ፣ የኔትወርክ ዕቃዎቹ መደርደሪያ፣ አሁንም ዘንበል ብሏል። ስዊቹን የማስርበት ብሎን ጠፍቶ ጠዋቱን ሙሉ ስፈልግ አረፈድኩ። የገዛ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ተገኘ። አትሳቂብኝ፣ ደብተሬ።

ከሰዓት። ተሳካ! የፋይበር ገመዱ ተያያዘ፣ መብራቶቹ አረንጓዴ ሆኑ። አሁን እዚህ ማከፋፈያ ጣቢያ ተቀምጬ የወልቂጤ ከተማንና ተራራው ላይ ያለውን የአረቅጥን መስመር ማጥፋትም ማብራትም እችላለሁ። ድሮ ሰው በመኪና ተራራውን ወጥቶ በእጁ ነበር የሚያደርገው። ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። ኃይል ሲያንስ አንዱን መስመር ይቆርጣል፣ ሲበቃ ይመልሳል። የትኛውን መጀመሪያ እንደሚቆርጥ ግን የምንነግረው እኛ ነን።

ነገርኩት። የዋናው መ/ቤት መመሪያ ግልጽ ነው፦ የደንበኛ ቆጣሪ ያነሰበት መስመር ቀድሞ ይቆረጥ። ስለዚህ ቀድሞ የሚቆረጠው አረቅጥ ሆነ። ብዙም አላሰብኩበት።

ጋሽ ሽኩር መጥቶ አየና ማሻአላህ አለ። የፈረቃ ኦፕሬተራችን ነው፣ እኔ ሳልቀጠር ጀምሮ እዚህ የኖረ። ከእንግዲህ ሻይ ጠጪ ብቻ ሆንኩ ማለት ነው ብሎ ቀለደ።

ነሐሴ 27

ዛሬ ኃይል አነሰ። ሲስተሙ አረቅጥን ቆረጠ፣ ትንሽ ቆይቶ መለሰ። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። አለቃችን አቶ ታምራት እንኳን ጨበጠኝ።

ወዲያው እህቴ የሺ ደወለች። አባባን የምታስታምመው እሷ ናት፣ አረቅጥ። ሳንባው ከደከመ ወዲህ በኦክስጅን ማሽን ነው የሚተነፍሰው። ማሽኑ ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ሄዶ ወደ ኦክስጅን ሲሊንደሩ አዛውረነው ነበር፣ አሁን መጥቷል፣ አታስቢ አለችኝ።

እኔ ስጨበጥ አባባ ሲሊንደር ላይ ነበር።

ጳጉሜን 3

ሥራ የለም፣ ዝናብ ብቻ። የሺ እንደገና ደወለች። የመስቀል ወሬ። ከአዲስ አበባ ወንድሞቻችን ከነሚስቶቻቸው ይመጣሉ። አጎቴ ከቡታጅራ። ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸው በሙሉ እየገቡ ነው። ፍሪጅ የሚጭን አለ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚጭን አለ። የት እንደምናስተኛቸው እንጃ አለች፣ በደስታ።

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ።

ለመስቀል ከተማው ባዶ ይሆናል፣ ገጠሩ ይሞላል። ይሄን የማያውቅ ጉራጌ አለ? እኔ፣ የአረቅጥ ልጅ፣ እንዴት ረሳሁት? ሲስተሙ የሚቆጥረው ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ አገር ቤት አይገባም፣ የሚገባው ሰው ነው። ሁሉም ባንዴ ሲያበራ ኃይል ያንሳል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የሚቆረጠው ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበበት አረቅጥ ነው። ለአጭር ጊዜም አይደለም። ምሽቱን በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። የአባባ ሲሊንደር ምሽት አይዘልቅም።

መስከረም 2

አዲስ ዓመት አልፎ ቢሮ ገባሁ። አቶ ታምራት ጋ ሄድኩ። ለመስቀል ሰሞን ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው፣ ከተማው ቀድሞ ይቆረጥ አልኩት። ሲያዳምጠኝ ቆየና አባትሽ እዚያ አይደሉም ወይ አለኝ። ናቸው አልኩ። ከራስ በላይ ነፋስ፣ አይደል? አለ ፈገግ ብሎ።

ተናድጄ ወጣሁ። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ማለት ይቻላል።

ማታ ሳስበው ያናደደኝ ሐሰት ስለሆነ አይደለም። የሕዝቡ ነገር እውነት ነው፣ የአባባም ነገር እውነት ነው። የትኛው እንደቀደመ ራሴም አላውቅ።

መስከረም 4

ከተማው ቀድሞ ይቆረጥ ማለቴን ለጋሽ ሽኩር ነገርኩት። ከሰው አፍ ከሚሰማ ብዬ። መስቀል ሲደርስ የእኔን ፈረቃ የሚሸፍንልኝ እሱ ነው። አረፋ ሲደርስ እኔ የእሱን። ይሄ የጣቢያው ልማድ ነው፣ ማንም የጻፈው የለም፣ ማንም አፍርሶት አያውቅም።

ጨርሼ እስክነግረው ጠበቀ። ከዚያ ሳቀ። የእናንተን መብራት እየጠበቅን እኛ ጨለማ ልንቀመጥ ነዋ አለ። ቀልዱን ነው። ግን ልጁ አራስ ናት፣ እሱ ቤት፣ እዚሁ ወልቂጤ። ከተማው ባዶ ይሆናል ያልኩሽ ተሳስቼ ነው፣ ደብተሬ። አገር ቤቱ ሩቅ የሆነበት ተማሪ አለ። መስቀል የእሱ በዓል ያልሆነ ጎረቤት አለ። እነሱን ከቁጥር አላስገባኋቸውም።

አፈርኩ። ሻይ ገዛልኝ ጭራሽ።

መስከረም 7

ቅደም ተከተል የሚባለው ነገር ራሱ ነው ችግሩ። ማንንም ላስቀድም፣ አንዱ ሁልጊዜ ተቆራጭ ነው። ተራ ቢሆንስ? ለከተማው የተወሰነ ጊዜ፣ ለአረቅጥ እኩል ጊዜ፣ እየተፈራረቁ። ኮምፒውተሩ ይችላል። እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።

ተራ ማለት ግን አባባም ይቆረጣል ማለት ነው። እኔ በጻፍኩት ትእዛዝ፣ እኔ በማውቀው ሰዓት። ሲሊንደሩ አንድ ተራ ይበቃዋል። መብራቱ በሰዓቱ ከተመለሰ።

ከተመለሰ! አረቅጥ ያለው፣ ትእዛዙን የሚቀበለው ሳጥን ባትሪው ከደከመ "አብራ" የሚለውን አይሰማም። ያን ጊዜ እንደ ድሮው ሰው ነው ተራራ የሚወጣው፣ በመስቀል ምሽት።

አቶ ታምራት ሰማና ይሄ ይሻላል አለ። ያችን ነገር በክፉ አይደለም ያልኩሽ ብሎም ጨመረ። ይቅርታ መሆኑ ነው መሰለኝ።

መስከረም 9፣ አረቅጥ

ብርድ። ጉም። ጣቴ አልታዘዝ አለኝ። የሳጥኑን ባትሪ ቀየርኩ። ፋይበሩ ቢበጠስ ብዬ በሬዲዮ ሌላ ግንኙነት ጨመርኩ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ። ከወልቂጤ ጋሽ ሽኩር አጠፋ፣ አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ። ታዘዘ።

ከዚያ ቤት ገባሁ። ለአባባ መንገር ነበረብኝ። አልጋው ጠርዝ ተቀምጬ በጉራጊኛ ነገርኩት፣ በአማርኛ አፌ እንቢ አለኝ። እያወቅኩ የምቆርጥብህ እኔ ነኝ አልኩት። አለቀስኩ።

ማሽኑ ብቻ ይንጎራጎራል። ከዚያ የሌላው ተራ ሲሆን ማን ቤት ነው የሚጨልመው ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ጋሽ ሽኩርና ስለ አራሷ ነገርኩት። ተራ ከሆነማ ምን ይባላል አለ። ብቻ ያን ምሽት አንቺ እዚህ ሁኚ አለኝ።

መስከረም 14፣ ወልቂጤ

ወደ አገር ቤት ልነሳ ነው። መናኸሪያው ሰው በሰው ላይ።

ላፕቶፑን ጣቢያው ተውኩት። ሆን ብዬ። ይዤው ብሄድ አንድ ቁልፍ ነው፣ የአረቅጥን ተራ መዝለል እችላለሁ። ራሴን አላምነውም። የይለፍ ቃሉንም ቀይሮ እንዳይነግረኝ ለጋሽ ሽኩር ነገርኩት። አይን አይኔን አየኝ። ኢንሻአላህ መብራቱ ይመለሳል፣ እኔ አለሁ አለኝ።

መስከረም 15፣ አረቅጥ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ

መብራት ሄደ። የኛ ተራ። በስልክ መብራት ነው የምጽፍልሽ። ቤቱ ሞልቷል፣ ልጆቹ ተንጫጩ፣ ወንድሜ ደግሞ ጀመራቸው ብሎ መ/ቤቱን ሰደበ። እኔን መሆኑ ነው። ሲሊንደሩን የሺ ከፈተች። አባባ ይተነፍሳል። አያለሁ፣ ደረቱን። ሌላ ምንም ማየት አልቻልኩም።

እየቆየ ነው። ሰዓቱ ደርሷል። ና። ና እንጂ።

መጣ! ማንም ሳይነካው መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ማሽኑ ተነሳ። የሺ አቀፈችኝ። እኔ ግን እልል ማለት አቃተኝ። አባባ አየኝና ምን ሆነሻል አለ። አሁን ወልቂጤ ጨለመ አልኩት፣ አራሷ ቤት።

ደውይላቸው አለ። ደወልኩ። ጋሽ ሽኩር መጣላችሁ ወይ ብሎ ቀደመኝ። መጣልን አልኩት። አባባ እጁን ዘረጋና ስልኩን ተቀበለኝ። ትንፋሹ እንዳያጥረው ፈራሁ። መመረቅ ጀመረ፣ እዚህ ያለነውን ሳይሆን እነሱን፣ አራሷን፣ ሕፃኑን። ቤቱ በሙሉ ጸጥ ብሏል። ጋሽ ሽኩር ከጨለመችው ወልቂጤ አሚን ሲል ይሰማኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ።