ከጣሪያችን የሚወርደውን ውሃ በሚመለከት ለክቡር ፕሬዚዳንታችን

ይድረስ ለዩኒቨርሲቲያችን ክቡር ፕሬዚዳንት፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የቢሮዎ ቧንቧ ለአፍታም ተቋርጦ ስለማያውቅ፣ እጅዎን በደህና እየታጠቡ እንደሚገኙ አልጠራጠርም።

እኔ በዚህ ግቢ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት «የግቢውን ገጽታ በማበላሸት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልከውልኛል። ቢሮዎ ስሜን አስተካክሎ ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው በመሆኑ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ያህል፣ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ውሃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ እኔና አትክልተኛው ከመጋዘን ጀርባ የተጣሉ አራት በርሜሎች አጥበን ከጣሪያው አሸንዳ ጋር አገናኘናቸው። የልብስ ማጠቢያውንም እጣቢ በጠጠርና በአሸዋ አጣርተን ወደ መጸዳጃ ቤቶቹ መለስነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ያለ ምንም ንግግርና ያለ ምንም ሪባን ሠራ። ጥፋታችንም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፦

1. እንግዶች ሊመጡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው በርሜሎቹን «ለዓይን አይመቹም» ብለው ስላስነሡልን እናመሰግናለን። ተማሪዎቹ ውሃ ቢያጡም ዓይናቸው አርፏል።

2. በምትካቸው ዓመት ሙሉ ሲገነባ የከረመ ባለ መስታወት ግድግዳ «የውሃ መልሶ መጠቀሚያ የልህቀት ማዕከል» ስላሠሩልን እናመሰግናለን። ማዕከሉ ከየትኛውም ጣሪያም ሆነ ከየትኛውም ቧንቧ ጋር እንዳልተገናኘ በቃልም በጽሑፍም ባመለክት፣ ግንኙነቱ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚታይ ተነገረኝ። በምረቃው ዕለትም በትእዛዝዎ ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ፣ ከቦቴ መኪና በጎማ ቱቦ ውሃ ስለቅ፣ እርስዎ ከፊት ቧንቧውን ከፍተው «ይህ ትናንት ተማሪዎቻችን የታጠቡበት ውሃ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ያን ሰዓት ዶፍ ይወርድ ነበር፤ እርስዎ በጃንጥላ ሥር ሆነው ስለ ውሃ እጥረት ሲያስረዱ፣ የማደሪያው ጣሪያ ውሃ ከኋላዎ እየተንዠቀዠቀ ወደ ቦዩ ይገባ ነበር።

3. ይህኛው ምስጋና የኔ አይደለም። ተማሪዎቹ «እናታችን» የሚሏት የማደሪያው ጽዳት ሠራተኛ፣ በርሜሎቹ ከተነሡ ወዲህ ከዋናው በር ቧንቧ በጀሪካን እየቀዳች እስከ ሦስተኛ ፎቅ ትሸከም ነበር። በአምስተኛው ቀን እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ። ልጆቹ በወንበር ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷት። ቢሮዎ ምክንያቱን «የግል ጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ በአንድ መስመር ስለዘጋው፣ ለፍጥነቱ አድናቆት ይገባዋል። ልጠይቃት ስሄድ አልከሰሰችዎትም፣ አልረገመችዎትም። «ምናለ ለክረምቱ እንኳ ቢተዉልን?» ብቻ አለችኝ። እኔም ትራሷን አስተካክዬ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄድኩ። አንደኛው በርሜል ተቀጥቅጦ ነበር፤ ሦስቱን ግን ከአትክልተኛውና ከአሥራ አንድ ተማሪዎች ጋር በጠራራ ፀሐይ እያንከባለልን መልሰን ተከልናቸው። ማስጠንቀቂያው የተጻፈልኝ ለዚህ ነው። በርሜሎቹን እስከ ዓርብ በገዛ እጄ እንዳነሣ አዘዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እምቢ ብዬዎት ስለማላውቅ አዝናለሁ፣ ዘንድሮ ግን እምቢ ብያለሁ።

ዓርብ አልፏል። እርስዎ የላኳቸው ሁለት ጥበቃዎችም መጥተው ነበር። ተማሪዎቹ በርሜሎቹን ከብበው ልብስ ሲያጥቡ ስላገኟቸው፣ ትንሽ ቆመው ተያዩ፤ ከዚያ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን አጥበው፣ አመስግነው ሄዱ። ሪፖርታቸው እስካሁን ካልደረሰዎት ምክንያቱ ይህ ነው።

ለመታዘዝ ያልታደለው፣ ሆኖም በአክብሮት ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣው፣
የግቢዎ ቧንቧ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማዕከሉ ሥራ አልጀመረም እያልኩ ሳወራ ስለከረምኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ ጠዋት በመስታወቱ ባይ፣ አዲሱ ጣሪያ አፍስሶ የማዕከሉን አዳራሽ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞልቶታል። የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ጀምሯልና እንኳን ደስ አለዎት።