ፍልሰትና ፍልሰታ

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

የሶሲዮሎጂ መመረቂያ ጥናቴን መጠይቅ ይዤ ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ጂዳ ስትሄድ አደራ የሰጠችኝ ለእሳቸው ነው፤ ከእሳቸው መጀመር ቀላል መስሎኝ ነበር።

«ከቤተሰብዎ መካከል ለፍልሰት የተዳረገ አለ?» ብዬ ከወረቀቱ አነበብኩላቸው።

ሳቃቸው መጣ። «ልጀ፣ ፍልሰታማ የክርስቲያኖቹ ጦም አይደል! እኛን ምን አገናኘን?»

እኔም ሳቅሁ። «አይ እትዬ፣ አረብ አገር የሄደ ሰው ማለቴ ነው።»

«ታዲያ የሄደ አትይም?» አሉ። ሁለቱ ልጆቻቸው እዚያው ናቸው። ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ያንችንስ ሞላሽው?» አሉኝ።

አልሞላሁትም። መምህራችን ተመራማሪ ራሱን ከጥናቱ ማራቅ አለበት ይላል። ይህን ለእትዬ ዘሃራ በምን አፌ ላስረዳ? ወረቀቱን ሳጣጥፍ «አብሽሪ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና አንድ መጠይቅ አወጣሁ። ሌላ ሰው ስለሌለ እኔው ጠያቂ፣ እኔው መላሽ ሆንኩ። ድምፄን አውጥቼ ማንበቤ ትንሽ አሳፈረኝ፤ ግን ቤቱ ውስጥ ድምፅ ሲሰማ ደስ ይላል። የሄደ አለ? አለ። ማን? እናት። ስንት ዓመት ሆነ? ስምንት። ደርሼ የቆምኩት «የፍልሰቱ መንስኤ» የሚለው ላይ ነው። ሥራ አጥነት የሚል አለ፣ ድርቅ አለ፣ የጓደኛ ግፊትም አለ። «ልጅ ለማስተማር» የሚል የለም።

መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ።