ስለ ጣይባ ጀርባ ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ከሰፈራችን ከሆጤ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሁሉ ሰላምታዬን ይሸከምልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ትንፋሽሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ቆመሽ ስልክ የምትነካኪ ትመስያለሽ? እኔን ማታለል አትችይም። እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናዬም እንደ እኔ እያሳለች ትሠራለች። ጎረቤታችን ብዙዬ «ያቺ ምላሰኛ መቼ ነው የምትመጣ?» ብትለኝ «ስትቃና» አልኳት። በጫማዋ ልትመታኝ ነበር።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ቀልጄ እንዳላመልጥሽ ነው። ስለዚህ ጽፌ በሹፌሩ በሞላ እጅ ልኬልሻለሁ።

«ኦፕራሲዮኑን ልፈርም ወይስ ልተው? እንደ እኔ የተጣመመ ጀርባ የነበራትን ጣይባን አይተው እውነቱን ይንገሩኝ» ስላልሽኝ ባለፈው ሐሙስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጣይባ ኦፕራሲዮን የሆነችው ከአራት ዓመት በፊት፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ነው። ባሏ መሕሙድ በር ላይ ተቀበለኝ። እሷ ከጓዳ ስትወጣ አየኋት፤ ቀጥ! አፌ አያርፍምና «የመብራት እንጨት መስለሻል» አልኳት። «የመብራት እንጨትስ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል ጋሼ፤ እኔ እሱንም አልችል» አለችኝ። ሳቅን። ስንስቅ የግራ እግሯ ጫማ ከኋላዋ ደፉ ላይ ቀርቷል፤ እሷ አላወቀችም። መሕሙድ አነሳው፣ ተንበርክኮ አጠለቀላት። የእኔ ሳቅ እዚያ ላይ ቆመ።

ሁሉንም ነገረችኝ። ጀርባዋ ውስጥ ሁለት የብረት ዘንግና ሃያ ያህል ብሎን አለ። የመጀመሪያውን ዓመት እንደ ሠርግ ነው የምታወራው። ሦስት ጣት ረዘመች፤ ደረቷን ይጫናት የነበረው ለቀቃት፤ እንደ ሰው ተጋድማ ተኛች። በሁለተኛው ዓመት ልብስ ስታሰጣ ከውስጧ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። አንዱ ዘንግ ተሰብሮ ነበር። እንደገና ተከፈተች። ቁስሉ መግል ይዞ አምስት ወር በደረቷ ተኛች። ስትነሳ የግራ እግሯ መሬቱን አይለይም። ሶላቷን የምትሰግደው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው። «እግሬስ እግር ነው ጋሼ፤ የሚያስለቅሰኝ ግንባሬ መሬት አለመንካቱ ነው» አለችኝ።

እንዳዘዝሽኝ «ዳግመኛ ብትጠየቂ ትፈርሚያለሽ?» አልኳት። «እፈርማለሁ፤ መተንፈሻ አልነበረኝማ። ሐኪሙ ግን ምን አለኝ መሰለዎት? አጥንትሽ ሳይደርቅ፣ በአሥራ ሦስት በአሥራ አራት ዓመትሽ መጥተሽ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልበዛብሽ አለኝ።» መሕሙድ ውሃ አቀረበልኝ። ሳልጨርሰው መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጄ፣ አንቺ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆንሽ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከሐኪም ቤት ይዛሽ ስትመለስ ቤት እንኳ ሳትገባ ወደ ሱቄ መጣች። በእጇ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ደብዳቤውንም የፍርድ ቤት መጥሪያውንም የሚያስነብበው እኔን ነበር፤ እኔም ትምህርት ቤት ሳልገባ ፊደል በራሴ መቁጠሬን ሳላነሳ የምውልበት ቀን አልነበረም። ያን ቀን ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነበር። መነጽሬን አደረግሁ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። «ገና በማደግ ላይ ናት፤ እየተቃና ይሄዳል፣ አትጨነቂ ይላል» አልኳት። እናትሽ እልል አለች። ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ አልተመለሳችሁም። ቀሚስሽን እኔ ሰፋሁልሽ፤ በግራ ትከሻሽ በኩል ጥጥ እየጨመርኩ፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያበዛሁ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር።

ፈርሚ አልልሽም፣ ተዪም አልልሽም። የጣይባን ነግሬሻለሁ፤ ከደጉም ከክፉውም አልቀነስኩም። ሐኪሞቹ የሚሰጡሽን ወረቀት ግን ራስሽ አንብቢ። ብረቱ ቢሰበርስ፣ እግሬስ ብለሽ ጠይቂ፤ እስኪገባሽ ከወንበርሽ አትነሺ። መነጽር ያደረገ ሁሉ አነበበ ማለት አይደለም።

እመቤታችን እጇን ካንቺ አታንሳ። የሚነኩሽን እጆች ሁሉ ታቅናልሽ። የእኔን ዕድሜ ለአንቺ ጨምራ፣ ቆመሽ የምትሄጂበት ታድርግልሽ።

ከፈቀድሽ ሰኞ መጥቼ ከጎንሽ እሆናለሁ። ካልፈቀድሽ ለሞላ ንገሪው፤ ስድብም ካለሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። ሱቁን ዘግቼ ብቻዬን አነበዋለሁ።

የእናትሽ ወንድም